ፊርማው የአንድ፥ ሥራው የብዙ

በእኛ በተማሪዎች መካከል ስለ ሥነ ጥበብ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሳብ ሳይጠራ ከተፍ ይላል። ይኸውም «እውነተኛ ጥበብ አንድ ታላቅ ሰው ብቻውን ተቀምጦ የፈጠረው፥ ቅጂ የሌለው፥ ዋጋው የማይቀመስ፥ ከቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ ነው» የሚል ነው። እየተባዛ በገበያ የተሸጠ፥ ተራው ሰው ገዝቶ ከቤቱ ምሰሶ ላይ የለጠፈው ወረቀት ግን ከጌጥነት አያልፍም ይባላል። እኔ ይህን ሐሳብ አልቀበለውም። ያልተቀበልሁበትንም ምክንያት ለማስረዳት አንባቢን ወደ ሩቅ አገር፥ ዛሬ ቶኪዮ ወደምትባለው ወደ ጥንቷ ኤዶ ከተማ ልውሰደው፤ ስለ መጀመሪያዎቹ የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎችና ስለ ሠሪዎቻቸው ላጫውተው እፈልጋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገር ግን ክርክሬ እነዚህን ሥዕሎች ከሚንቁት ጋር ብቻ አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ከሚያደንቋቸውም ጋር ጠብ አለኝ። የሚንቀው ሰው «የብዙዎች ስለ ሆነ ጥበብ አይደለም» ይላል። የሚያደንቀው ደግሞ ጥበብ መሆኑን ያምንና የብዙዎች መሆኑን ይረሳል፤ ከወረቀቱ ጥግ ያለውን አንድ ፊርማ አንብቦ፥ ክብሩን ሁሉ ለዚያ ስም አስረክቦ ይሄዳል። ሁለቱም በአንድ ስሕተት የተያዙ ናቸው።

በ1657 ኤዶ ተቃጠለች። ለሦስት ቀን የነደደው እሳት ከከተማይቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አወደመ። ከተማይቱ እንደገና ስትሠራ አናጢውም ነጋዴውም የእጅ ባለሙያውም ከየአውራጃው ጎረፈባት፤ በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ሕዝቧ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። አገሩን የሚገዛው ከቶኩጋዋ ቤት የሚወጣው ሾጉን ነበር። በሥርዓቱ አቆጣጠር ሳሙራይ ከላይ፥ ገበሬ ቀጥሎ፥ የእጅ ባለሙያ ሦስተኛ፥ ነጋዴ መጨረሻ ነው። ነገር ግን ማዕርግ የታዘዘበትን ስፍራ ሲጠብቅ ገንዘብ ትእዛዝ አልሰማም፤ ቀስ እያለ ወደ ነጋዴው እጅ ገባ። ገንዘብ እንጂ ማዕርግ ያልነበረው ይህ የከተማ ሰው የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ለመሳፍንቱ የሚሥሉት ሥዕል የሱ አልሆነለትም። ስለዚህ የራሱን ቴአትር፥ ካቡኪን፥ አሳደገ፤ የራሱን ልብ ወለድ አነበበ፤ የራሱንም ሥዕል ገዛ።

ሥዕሉ «ኡኪዮ-ኤ» ተባለ፤ «የኡኪዮ ሥዕል» ማለት ነው። «ኡኪዮ» የሚለው ቃል በቡድሃ ሃይማኖት ሰዎች ዘንድ አስቀድሞ «የኀዘን ዓለም» ማለት ነበር። የከተማው ሰው ግን ድምፁን እንዳለ ትቶ፥ የሚጻፍበትን ፊደል ለውጦ፥ «ተንሳፋፊው ዓለም» የሚል ፍች ሰጠው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከላይ መንሳፈፍ ነው፥ ከሥር ግን ኀዘኑ አለ። ይህን ፍች አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዚህ ሥዕል አባት ተብሎ የሚቆጠረው ሂሺካዋ ሞሮኖቡ ነው። ሞሮኖቡ ከኤዶ የባሕር ወሽመጥ ማዶ ካለችው ከሆዳ መንደር የመጣ የጥልፍ ባለሙያ ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን መጻሕፍት የሚታተሙት ጽሑፉና ሥዕሉ በእንጨት ገበታ ላይ እየተቀረጸ ነው፤ ሥዕሎቹን የሚነድፉት ሰዎች ግን ስማቸውን የሚጠይቅ አልነበረም። ቡናውን የሚጠጣ ሰው የፈጨውን እንደማይጠይቅ ማለት ነው። ሞሮኖቡ ግን በ1672 በወጣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላይ ስሙን አኖረ፤ ፊርማው ያለበት የታወቀው የመጀመሪያ ሥራውም ይህ ነው። ቀጥሎም ሥዕሉ የጽሑፍ አሽከር መሆኑ ቀርቶ ከመጽሐፍ ተለይቶ በነጠላ ወረቀት እንዲሸጥ አደረገ። እስከ ሞተበት እስከ 1694 ድረስ የሠራቸው በጥቁር ቀለም ብቻ የታተሙ ናቸው፤ ዳሩ ግን የልብሱ እጥፋትና የሰውነቱ መታጠፍ በአንድ የብሩሽ ጉዞ የወጣ ይመስላል።

ይህ ፊርማ ቀላል ነገር አልነበረም። የጥልፍ ሠሪ ልጅ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ሲል የእጅ ሙያ ያለው ሰው በአደባባይ ቀና አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ከአድናቂዎቹ ጋር አልጣላም። የምጠይቀው ከሱ አጠገብ የነበሩት ሌሎቹስ የት ገቡ ብዬ ነው።

በሞሮኖቡ ዘመን ሱጊሙራ ጂሄይ የሚባል ሌላ ሠዓሊ ነበር። ይህ ሰው ስሙን ብዙ ጊዜ ከጥግ አይጽፈውም፤ ከሚሥላቸው ሰዎች ልብስ ጌጥ መካከል ይሸሽገው ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ሥራዎቹ ለብዙ ዘመን የሞሮኖቡ ናቸው ተብለው ኖሩ። ሊቃውንት የልብሱን ጌጥ ፊደል በፊደል አንብበው ለባለቤቱ የመለሱለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እንግዲህ ፊርማን ብቻ የሚያይ ዓይን ሠዓሊን ራሱን እንኳ ሊስት ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የካይጌትሱዶ ወገን ተነሣ። መሪው አንዶ በ1714 በቤተ መንግሥት እመቤትና በአንድ የካቡኪ ተዋናይ ምክንያት በተነሣው ታላቅ ነውር ስሙ ተነካና ወደ ደሴት ተጋዘ። ደቀ መዛሙርቱ ከራስ እስከ እግር በሰፊ ልብስ የተጠቀለሉ፥ ወረቀቱን የሚሞሉ ቁመተ ረዣዥም ሴቶችን አሳትመዋል፤ ዛሬ የተረፉት ንድፎች ከ25 አይበልጡም። እነሱም ሲፈርሙ ከገዛ ስማቸው በፊት «የካይጌትሱ የኋለኛ ቅጠል» የሚል ቃል ያስቀድሙ ነበር። በራሴ የበቀልሁ አይደለሁም፥ ግንድ አለኝ ማለታቸው ነው። እኔ ከዚያ ዘመን ፊርማዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

የቶሪ ቤት ሰዎች ደግሞ የቴአትር ቤት ልጆች ናቸው። የቶሪ ኪዮኖቡ አባት ኦሳካ ውስጥ ተዋናይም የቴአትር ማስታወቂያ ሠዓሊም ነበርና በ1687 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኤዶ መጣ። ልጁ (1664–1729) የጀግና ሚና የሚጫወቱትን ተዋንያን ቅል የመሰለ ባት፥ የምድር ትል የመሰለ ተጥመልማይ መስመር እየሰጠ ሣላቸው፤ የአገሩ ሰዎችም ስልቱን በነዚሁ በቅልና በትል ስም ጠሩት። አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ የረገጠው እርግጫ ከነድምፁ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ይህን የገዛው ግን መስፍን አልነበረም፤ ከቴአትር ሲወጣ ትዝታውን ይዞ ወደ ቤቱ መግባት የፈለገ የከተማ ሰው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ይነድፋል። ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ከቼሪ እንጨት በተዘጋጀ ገበታ ላይ ይለጠፋል። ቀራጺው የእያንዳንዱን መስመር ግራና ቀኝ በስለት እየተከተለ፥ መስመር ያልሆነውን እንጨት ሁሉ እየፈለፈለ ያወጣዋል፤ መስመሩ ብቻ ጎልቶ ይቀራል። ከሴት ግንባር ላይ የሚነሣው የፀጉር ዘለላ ከክር ይቀጥናል፤ ስለቱ አንድ ጊዜ ቢያዳልጥ ገበታው ተበላሸ ማለት ነው። ከዚያ አታሚው በውሃ የተበጠበጠውን ቀለም በገበታው ላይ ይቀባል፤ ኮዞ ከሚባል ተክል ልጥ የተሠራውን ጠንካራ ወረቀት አርጥቦ ያነጥፍበታል፤ በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለ ክብ መፈተጊያ ጀርባውን ይፈትጋል። መኪና የለም፤ ያለው ክንድ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሳታሚው አለ፤ ሥራውን የሚያዝዘው፥ ገንዘቡን የሚያወጣው፥ ኪሳራውንም የሚሸከመው እሱ ነው።

አንባቢ አንድ ነገር ያስተውልልኝ። ቀራጺው ገበታውን ሲቀርጽ የሠዓሊው ወረቀት ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይቆራረጣል፤ ይጠፋል። ታዲያ «ዋናው ሥራ» የትኛው ነው? የሠዓሊው ንድፍ እንዳንል የለም። ገበታው እንዳንል ገበታ ሥዕል አይደለም። ከገበታው የወጡት ወረቀቶች ናቸው እንዳንል ብዙ ናቸው። መልሱ ግን ይኸው ነው፤ ዋናው ብዙ ነው። ይህ ሥራ ከመወለዱ ጀምሮ የተባዛ ነው። ቅጂ ስለሆነ የሚናቅ ከሆነ የሚናቅለት ዋና አጥቶ ንቀቱ አየር ላይ ይቀራል።

ስም ግን በዚህ ገበያ ውስጥ ዋጋው እየናረ ሄደ። ኦኩሙራ ማሳኖቡ (1686–1764) ሠዓሊም አሳታሚም ነበር። የገዛ ሱቁን ከፈተ፤ ለምሰሶ የሚሆን ቀጭንና ረዥም ሥዕል አወጣ፤ ከአውሮፓ የመጣውን ርቀትን በመስመር የማሳየት ዘዴ ተከትሎ የቴአትር ቤቱን ውስጥ ተመልካቹ የሚገባበት እስኪመስለው ድረስ ሣለ። ሌሎች ሥራውን እየሰረቁ ቢያስቸግሩት በቅል ቅርጽ የተሠራ ምልክት እያተመ «እውነተኛው የኔ ነው» ብሎ ገዢውን አስጠነቀቀ። እንግዲህ ስም ክብር ብቻ ሳይሆን የንግድ ምልክትም ሆነ።

መንግሥትም ስምን ፈለገው፤ የፈለገበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። በ1722 የወጣው አዋጅ ነውር ያሉትን መጻሕፍት ከመከልከሉም በላይ በሚታተመው መጽሐፍ መጨረሻ የደራሲውና የአሳታሚው እውነተኛ ስም እንዲጻፍ አዘዘ። ለማክበር አይደለም፤ ለመያዝ እንዲመች ነው። ነገሩ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ቀራጺው ስሙ ያልተጠራው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ ለቅጣት እንኳ የሚቆጥረው አላገኘም።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። መጀመሪያ ሥዕሉ በጥቁር ይታተምና ቀለሙ በእጅ ይቀባል። በመጀመሪያው ጊዜ ከእርሳስ የሚገኘው ብርቱካን መሰል ቀለም ነበር፤ ኋላ ከሱፍ ተክል አበባ የሚወጣው ለስላሳ ቀይ መጣ፤ አንዳንዱም ጥቁሩን በሙጫ አወፍሮ እንዲያብረቀርቅ አደረገው። ወረቀት በወረቀት ላይ እየተቀባበሉ ቀለሙን የቀቡት ሰዎች እነማን ነበሩ? ስም የላቸውም። በ1740ዎቹ ወረቀቱን በየገበታው ላይ በትክክል የሚያሳርፍ ምልክት ከእንጨቱ ጥግ እየተቀረጸ ቀዩና አረንጓዴው በየራሱ ገበታ መታተም ጀመረ።

ከዚያ 1765 ደረሰ። የጃፓን የዚያን ጊዜ ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ነው፤ ወሩ 30 ቀን ወይም 29 ቀን ይሆናል፤ የትኞቹ ረጃጅም፥ የትኞቹ አጫጭር እንደሚሆኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የቀን መቁጠሪያ የማተም መብት ለተፈቀደላቸው ብቻ ነበር። በኤዶ ግን በግጥም ማኅበር የሚሰበሰቡ ሀብታሞች የወሮቹን ቁጥር በሥዕል ውስጥ እየሸሸጉ እርስ በርስ ይለዋወጡ ጀመር። ሱዙኪ ሃሩኖቡ ከነደፋቸው አንዱን ልጥቀስ፤ ድንገት ዝናብ መጣና አንዲት ሴት የተሰጣ ልብስ ለማንሣት ስትሮጥ አንዱ ጫማዋ ከእግሯ ያመልጣል። ነፋሱ በሚያራግበው ልብስ ጌጥ ውስጥ የዚያ ዓመት ረጃጅም ወሮች ቁጥር ተጽፎአል። ሀብታሞቹ በወጪ አልሳሱምና ለየቀለሙ ለብቻው ገበታ ተቀረጸ፤ በብዙ ቀለም የታተመው ሥዕል ተወለደ። ከሐር ጥልፍ ጋር እያመሳሰሉም የሐር ዝሐ ሥዕል ብለው ጠሩት።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እዚህ አለ። በዚያ ዓመት ከወጡት የቀን መቁጠሪያ ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ላይ ሐሳቡን ካመነጨው ባለጸጋና ከሠዓሊው ስም ጋር የቀራጺውና የአታሚው ስም ተጽፎአል! ሥራው የአራት ሰው መሆኑን ሠሪዎቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር፤ መመስከርም ይቻል ነበር። ቆይቶ ግን አሳታሚዎች ገበታዎቹን ገዝተው የወሮቹን ቁጥርና የባለጸጎቹን ስም እየፋቁ ለገበያ አቀረቧቸው። ከዚያ በኋላ በተራው የገበያ ሥዕል ላይ የቀራጺና የአታሚ ስም ማየት ለረዥም ጊዜ ብርቅ ሆነ። ሃሩኖቡ በ1770 እስኪሞት በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ንድፎችን አወጣ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ይቀርጽለት፥ ማንስ ያትምለት ነበር? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

«ሐሳቡ የሠዓሊው ነው፤ ሌሎቹ የታዘዙትን ነው የፈጸሙት» የሚል አይጠፋም። በሃሩኖቡ ሥዕል ውስጥ በረዶው እንዴት እንደተሠራ ይመልከት። ቀለም የለውም፤ ቀለም ባልተቀባ ገበታ ላይ ወረቀቱ ተጭኖ ጎርበጥ እንዲል ተደርጎአል፤ ዓይን ሳይሆን ጣት የሚያነበው ነጭ ነው። ይህን ብሩሽ ሊሠራው አይችልም። የቀራጺው እጅና የአታሚው ክንድ የሠራው ነው። መታዘዝና መፍጠር ሁልጊዜ የሚለያዩ ነገሮች አይደሉም።

አሁን ወደ ተውሁት ፍች፥ ወደ ኀዘኑ፥ ልመለስ። ከተዋንያን ቀጥሎ እነዚህ ሥዕሎች አዘውትረው የሚያሳዩት የዮሺዋራን ሴቶች ነው። ዮሺዋራ መንግሥት የፈቀደው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነበር፤ ከ1657 እሳት በኋላ ወደ ከተማው ዳርቻ፥ ወደ አሳኩሳ አካባቢ ተዛወረ። ዙሪያው በውሃ ቦይ የታጠረ ነው፤ መግቢያና መውጫው አንድ ታላቅ በር ነው። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ዕዳ ያስጨነቃቸው ወላጆች ገና በልጅነታቸው በውል የሸጧቸው ናቸው። ልብሱም ምግቡም በዕዳቸው ላይ እየተጨመረ ውሉ ይረዝም ነበር። በወጣትነታቸው የሞቱትና ወገን የሌላቸው ሚኖዋ በሚገኘው በጆካንጂ ገዳም ይጣሉ ስለነበረ ሕዝቡ ገዳሙን «የመጣያ ገዳም» ብሎታል።

በ1770 የሃሩኖቡ የዮሺዋራ ሴቶች መጽሐፍ በአምስት ጥራዝ ወጣ። 166 ሴቶች፥ እያንዳንዳቸው ከነስማቸውና ከግጥም ጋር። ስም አገኙ ብለን ደስ እንዳይለን ስሙ እናታቸው ያወጣችላቸው አይደለም፤ ቤቱ ያወጣላቸው የሥራ ስም ነው። ፊታቸው የተረጋጋ ነው፤ ይጽፋሉ፥ ያነባሉ፥ በረዶ ያያሉ። ቦዩ አይታይም። ዕዳው አይታይም። ሥዕሉ አልዋሸም ይሆናል፤ ግን ዝም ብሎአል፤ ዝምታውም ለሰፈሩ ማስታወቂያ ሆኖ አገልግሎአል። በሌላ በኩል ያው ሃሩኖቡ በካሳሞሪ ቤተ ጸሎት አጠገብ ሻይ ታቀርብ የነበረችውን ኦሴንን፥ በአሳኩሳም የጥርስ እንጨት ትሸጥ የነበረችውን ኦፉጂን ሥሎ ዝነኛ አደረጋቸው። እነዚህ በቤታቸው ስም ተጠርተው በሥራቸው የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ተራዋን ሠራተኛ ማየት ይችል ነበር፤ ሲያይም እንደ ልዕልት አድርጎ ነው ያያት።

«የጥንቱን ሰው በዛሬ ሚዛን አትመዝን» የሚለኝ ጓደኛ ይኖራል። እኔ ሃሩኖቡን ልከስ አልተነሣሁም። እኔ የምለው ሥዕሉን ስናይ ያለውንም የሌለውንም እንይ ነው። የመስመሩን ውበት አድንቆ ሴቲቱ በዕዳ መያዟን ማወቅ አድናቆትን አያጠፋም፤ ያጠልቀዋል እንጂ። ውበቱን ብቻ የሚያይ ሰው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም የዚያ ሰፈር ደንበኛ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ፊተኞቹ ተከራካሪዎች ልመለስና ልጨርስ። የቤተ መዘክር ግድግዳ የጥበብ ማረጋገጫ ነው ለሚሉት አንድ ነገር ልንገራቸው። በ1921 ስፖልዲንግ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ከ6,000 በላይ የጃፓን ኅትመቶችን ለቦስተን ቤተ መዘክር ሲሰጡ ለእይታ እንዳይሰቀሉ ቃል አስገቡ። ምክንያታቸው ብርሃኑ ቀለሙን እንዳይገድለው ነው፤ የሱፉ ቀይና ከአበባ የሚወጣው ሰማያዊ በብርሃን ይጠፋሉና። በምሰሶ ላይ ተለጥፎ ለሁሉ እንዲታይ የተሠራው ወረቀት እንደ ነገሥታት ሬሳ በጨለማ ተቀመጠ። ይሁንና ቀለሙን ያቆየልን ይኸው ጨለማ ነው፤ በዘመናችን ምስሎቹ በኮምፒዩተር ተባዝተው ለማንም ተመልካች ተከፍተዋል። የተባዛው እንደገና በመባዛት ከሕዝቡ ጋር ተገናኘ። በግድግዳ ያልታየው ጥበብነቱ ቀርቶአልን? አልቀረም። እንግዲህ ግድግዳው ማረጋገጫ አይደለም።

ጓደኞቼ፥ ጥበብን የብዙዎች መሆኑ አያረክሰውም። የሚያረክሰው የብዙዎችን ሥራ ለአንድ ሰው ጽፎ መስጠት ነው። ይህን ስል ስለ ኤዶ ብቻ አይደለም። አንባቢ የያዛት ይህች መጽሔት ራሷ የተባዛች ወረቀት ናት። ከየጽሑፉ ሥር የጸሐፊው ስም ይታያል፤ የኔም እንዲሁ። ስቴንስሉን የመታው፥ ማባዣውን ሲያዞር ክንዱ የዛለው፥ ገጹን ደርድሮ በሽቦ የሰፋው ግን የት አለ? ስለዚህ ፈቃዳቸው ከሆነ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የሦስቱም ስም ከመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲወጣ ለአዘጋጆቹ አሳስባለሁ። ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው። በ1765 ከተቻለ ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።